ያው ጥልቀት

እንግሊዝ አገር፣ አዲስ የታረሰ ማሳ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚራመድ ሰው አንዳንዴ የሸክላ ስባሪ፣ የጣሪያ ጡብ ቁራጭ፣ ዕድል ከቀናውም ከሞዛይክ ወለል የተነቀለች ጠጠር ያገኛል። ብሪታንያ በሮም ሥር ሳለች እዚያ አርሰው የኖሩ ሰዎች ቤት ነበር ማለት ነው። ማረሻው ባያወጣው ማንም አያውቅም ነበር። ግን ያወጣው ከቦታው ነቅሎ ነው።

ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነገሩ የሚገባኝ በሎግ ፋይል ነው። የመስመሮቹ ሰዓት ጠፍቶ ቅደም ተከተላቸው ቢደባለቅ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ታሪኩ ይጠፋል። የሸክላውም ዕውቀት ያለው የትኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ፣ ከምን ጎን ነበር በሚለው ላይ ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ገበሬው እንዳንል ሕግ አልጣሰም። እንግሊዝ ውስጥ በሕግ በተጠበቀ ቅርስ ላይ እንኳ፣ በቅርብ ዓመታት ሲታረስ የቆየን መሬት ከበፊቱ ጥልቀት ሳያልፉ ማረስ በአብዛኛው ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ ጥልቀቱ የሚለካው ከመሬቱ ገጽ መሆኑ ነው። ተዳፋት ላይ አፈሩ እየታጠበ ገጹ ዝቅ ይላል። ማረሻው «ያው ጥልቀት» ላይ ሆኖ፣ አምና ያልነካውን ዘንድሮ ይነካል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ትዕግሥትን ለማመስገን ነው። ጥፋትም ግን እንዲሁ ቀስ ብሎ እግር ያወጣል። «ይሄ ዓመት ነው ያበላሸው» የሚባል ዓመት የለም። እኔም ሥራ ቦታ «ባለፈው እንዳደረግነው ነው» እያልኩ ስንት ነገር አሳልፌያለሁ። ደንቡ አልተቀየረም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ግን ተቀይሮ ነበር።

ለእኔ ኃላፊነት የሚጀምረው ካወቁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ «ያው ነው» ምክንያት አይሆንም። ግን ዕዳውን ገበሬው ብቻውን መሸከም የለበትም፤ የሚያርሰው እንጀራው ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ራትላንድ ውስጥ ማሳ ሥር አንድ የሮም ዘመን ሞዛይክ ተገኘ፤ 11 ሜትር በ7 ሜትር ገደማ፣ የአኪሌስና የሄክተር ታሪክ የተሣለበት። ቦታው በሕግ እንዲጠበቅ ተደረገ፤ ማረሻ እንዳይደርስበትም ከባለመሬቱ ጋር ተነጋግሮ ማሳውን ወደ ሣር መሬት የመመለስ ሐሳብ መጣ።

መልሱ ይሄ ይመስለኛል። የቀረውን ሰብል ግን አንድ ሰው ሊከፍለው ይገባል። ታሪኩ የሁላችን ነው ካልን፣ ሣሩም የሁላችን ወጪ ነው።