ለማን ነበር የጣፈጠው?

«የጥንቱ ይሻል ነበር» የሚለው አነጋገር በያለንበት ይሰማል። ሽማግሌው በዕድር ድንኳን፣ እናት ቡና ላይ ተቀምጣ ይሉታል፤ የሚገርመው ግን ገና ሃያ ዓመት የሆነው ወጣት እንኳ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስላልኖረበት ዘመን ሲቆዝም መገኘቱ ነው። የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት፣ የእንስራ ውሃ፣ የደቦ እርሻ፣ ደጃፉ የማይቆለፍ ቤት እየተነሡ ይወደሳሉ። ለመሆኑ ይህ ናፍቆት እውነተኛ ምስክር ነውን? ወይስ ካየው ሁሉ የወደደውን ብቻ መርጦ የሚናገር ነው? ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገሩ ተራ የጨዋታ ርእስ አይምሰለን። ስላለፈው ሥራ የምንሰጠው ፍርድ፣ ዛሬ አጠገባችን ሆኖ ስለሚደክመው ሰው ያለንን አስተያየት ይገልጣልና።

እስቲ ወፍጮውን እንመልከት። ዱቄት ከመሆኑ በፊት እህሉ ይለቀማል፣ ይበጠራል። ከዚያም ሴቲቱ ጐንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትገፋለች። አንድ ጊዜ ማሳለፍ አይበቃም፤ መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ኋላ ይሰለቃል። ድንጋዩ ሲለሰልስ አልፈጭ ይላልና በየጊዜው መወቀር አለበት፤ ከተወቀረ በኋላ ደኅና ሆኖ ካልተጠረገ ደግሞ አሸዋው ከእንጀራው ጋር ጥርስ ሥር ይገባል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ቀኑ የውሃ፣ የእንጨትና የልጅ ነውና። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተውን ሠራዊት እንኳ ስንቁን የሚያሰናዱ ሴቶች ተከትለውት ሄደዋል። ፈረሰኛውን በየሥዕሉ እናየዋለን፤ መጅ የምትገፋውን ግን ፈልገን ካልሆነ አናገኛትም።

አንድ ፋሲካ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ አጎቴ ስለ እጅ ወፍጮ እንጀራ ጣዕም ብዙ ተናገረ። የማሽን ዱቄት እንደሚቃጠል፣ የዛሬ እንጀራ ነፍስ እንደሌለው አስረዳ። አያቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ወፍጮው እኮ ጓሮ አለልህ፤ መጁም አልጠፋም። ዶሮዎቹን አባርና ፍጭበት» አሉት። እውነትም ወፍጮው ጓሮ ነበር፤ ጐድጓዳው ውሃ ይሞላበትና ዶሮዎች ይጠጡበታል። ሁላችንም ሳቅን፤ አጎቴም ሳቀ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። «የጣፈጠህ እኮ አንተ ተኝተህ እኔ ስፈጭ ስለማድር ነው» ብለው ጨመሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር። የሚናፍቀው የበላው ነው፣ የፈጨው አይናፍቅም ብለን እንዘጋው ነበር። ነገር ግን ማታ እንግዳው ከተበተነ በኋላ «ከዚያ ዘመን የሚናፍቅዎ ምንም የለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና የጎረቤታቸውን ወፍጮ ድምፅ ነገሩኝ። ሌሊት ሁለቱም ሲፈጩ በግድግዳው በኩል ይሰማሙ ነበር። አንድ ሌሊት ድምፁ ከጠፋ «ምን ሆና ነው?» ብለው ሳይነጋ ይሄዳሉ፤ ያችም ሴት እንዲሁ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሏት ብቻዋን ተኝታ ያገኟት በዚህ ምክንያት ነው። «አሁን ወፍጮው ዝም አለ። ማን እንደ ታመመ በምን ይታወቃል?» አሉኝ።

እኔ በበኩሌ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ አነጋገር አሳስቦኛል። መልካሙ ነገር፣ ማለት አንዱ የሌላውን ደኅንነት ማወቁ፣ ከድካሙ ጋር ሳይታሰብ ተያይዞ የመጣ ነበር። ማንም «ጎረቤቴን ልጠብቅ» ብሎ ወፍጮ አልገዛም። ስለዚህ ድካሙ ሲቀር እርሱም አብሮ ቀረ፤ መቅረቱንም ወዲያው ያስተዋለ የለም። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች «ችግር ከሌለ ፍቅር የለም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እንዲህ የሚል ሰው፣ ለእኔ ጉርብትና እንዲኖረኝ የሌላዋ ወገብ ይቀጥቀጥ ማለቱ ነው። ዋጋውን ልክፈል ብላ መነሣት የምትችለው ከፋይዋ ራሷ ናት። አያቴ ደግሞ ወፍጮውን ለዶሮ ሰጥተዋል።

ስለ ደቦም እንዲሁ ነው። አጨዳ በዘፈንና በጠላ ሲሆን የሚያምር መሆኑን አልክድም፤ በብዙ ቦታም ዛሬ አለ። ግን ጠላውን ማን ጠመቀው? እህሉስ የማን ነበር? የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በብዙ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬት ያስረክብ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። እኛ የእነርሱ ተተኪዎች ደግሞ የዚያኑ ገበሬ ኑሮ በፎቶግራፍ እያየን እንናፍቃለን!

እርግጥ ነው፣ የተሸከመውም ሰው ይረሳል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤል በምድረ በዳ ሆነው ያለቀሱት ለግብጽ ዓሣና ሽንኩርት ነበር። ጭድ ተከልክለው የጡቡ ቍጥር ያልተቀነሰላቸው እነዚያው ሰዎች ነበሩ፤ ሆድ ሲርበው ጀርባ ያየውን ይረሳል። እንግዲህ ስለ ድሮ ሲወራ ማን እንደ በላና ማን እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ተናጋሪው በዚያች ሰዓት ምን እንደ ጐደለው መጠየቅ ያሻል። ስለ ወፍጮ የሚያወራ ሰው ምናልባት የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ይሆናል።

የእኛም ዘመን ተራው ይደርሳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መክፈል ተለምዷል፤ የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተርም ውሎ አድሮ ይጠፋ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ ተነሥቶ «ሰው ያለ ፊርማ ይተማመን ነበር» ብሎ ይጽፋል። ውሸትም አይደለም፤ ባለ ሱቁ ስንት ቤተ ሰብ እንደሆንን፣ የትኛው ወር እንደሚጠብበን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ጸሐፊው ይህንም ይጨምርበት፤ እናት ወሩ ሳያልቅ ብሩ ሲያልቅባት ራሷ መሄድ አፍራ ልጇን ትልካለች፤ ልጁም ሌላው ገዥ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያ ልጅ እኔ ነበርሁ። ደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ነበረው፤ ባለ ሱቁም ስሜን ሳይጠይቅ ገጻችንን ገልጦ ይጠብቀኝ ነበር።