የግራር የዘር ሐረግ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ያለፈው የዕፅዋትን ዝምድና በመመርመር ነው። ከዚያ ዘመን ሁሉ ለእናንተ ላወርስ የምሻው አንድ ነገር ነው፦ መልክን ለምስክርነት ጥሩት፤ ለዳኝነት ግን አትሹሙት።

በወጣትነቴ በአዋሽ ሸለቆ ናሙና ስሰበስብ፣ አንድ ፍየል ጠባቂ አዛውንት ከሁለት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ቅርንጫፍ ቆርጠው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የአንደኛው እሾህ ነጭና ቀጥ ያለ ነው፤ ከቅጠሉ ግርጌ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በቅሏል። የሌላው አጭር፣ ጠቆር ያለና እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ሁለቱ ወደ ላይ፣ የመካከሉ ወደ ታች ይዞራል። እኛ ሁለቱንም ግራር ብለን ስናልፍ፣ አዛውንቱ አንዱ የሚወጋ፣ ሌላው የሚይዝ መሆኑን ነግረውኝ ለየብቻ በስማቸው ጠሯቸው። ሳይንሱም የደረሰው እዚያው ነው። ቀጥ ያለው እሾህ በቅጠሉ ግርጌ ያሉ ጥቃቅን አካላት ጠንክረው የሆኑት ሲሆን፣ ቆልማማው ግን ከግንዱ ቆዳ የወጣ ነው። የመጀመሪያው ወገን ዛሬ ቫቼሊያ ይባላል፤ የደጋችን ባዝራ ግራር ከእርሱ ነው። ሁለተኛው ሴኔጋሊያ ይባላል፤ ምርጡን የግራር ሙጫ የሚሰጠው ከዚህ ወገን ነው። እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዛፉ ጋር የኖረን ሰው ሳትጠይቁ ወደ ማይክሮስኮፕ አትቸኩሉ።

እነዚህ ሁሉ ለረጅም ዘመን አካሲያ በሚል አንድ ስም ሥር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የኢትዮጵያ ፍሎራ ሦስተኛ ቅጽም በዚሁ ስም መዝግቧቸዋል። የአካሲያን ስም እ.ኤ.አ. በ1754 ያጸናው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሚለር ነው፤ የስሙ ባለቤት ተደርጋ የተያዘችውም ከአፍሪካ እስከ ሕንድ የምትበቅለው ኒሎቲካ ነበረች። ኋላ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሲመጣ ግን በአንድ ጣራ ሥር የነበሩት የአንድ አባት ልጆች አለመሆናቸው ታወቀ። ቤቱ መከፈል ነበረበት፤ ስሙ ለማን ይድረስ የሚለው ክርክርም ተነሣ። ከተከፈሉት ወገኖች አንዱ አውስትራሊያ ውስጥ ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ቫቼሊያ ወደ 160፣ ሴኔጋሊያ ወደ 200 ነው። ብዙ ስም እንዳይለወጥ በሚል ስሙ ለአውስትራሊያዎቹ እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየናው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ ከድምፅ ሰጪዎቹ 54.9 በመቶው ሐሳቡን ተቃወሙ። ለመሻር ግን 60 በመቶ ያስፈልግ ስለነበር ሐሳቡ ጸደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሜልቦርን ተረጋገጠ።

ያን ጊዜ አዝኛለሁ፤ ስሙ ለአፍሪካ ግራር ይገባ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዕፅዋትን ስም ግን ሕግና ጉባኤ ያወጡታል፣ ሕግ የሚከበረውም ሲመችም ሳይመችም ነው። ስለዚህ በሄርባሪየም ተቀምጬ በየናሙናው ላይ አዲሱን ስም የያዘ ወረቀት ለጠፍሁ። አሮጌውን ግን አልቀደድሁም፤ የሙያው ሥርዓትም አይፈቅድም። ከእናንተ በፊት የሠራው ሰው የጻፈውን አትፋቁ፤ የእናንተን ከጎኑ ጻፉ፣ ቀንና ስማችሁንም አኑሩ።

ትዕግሥትን ያስተማረኝ ደግሞ የችግኝ ጣቢያ ነው። በትግራይ ለተራቆተ መሬት የሚተከለውን ሳሊግና የተባለ የአውስትራሊያ ግራር ሲበቅል ለማየት በየጠዋቱ ከመደቡ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ያደገው ዛፍ ቅጠሉ ረጅምና ጠፍጣፋ ነው፤ ከእኛ ግራር ጋር የሚያገናኘው አይመስልም። ከዘሩ ሲወጣ ግን የመጀመሪያ ቅጠሎቹ እንደ ግራር ደቃቅና ላባ መሰል ናቸው። ቀጥሎ የቅጠሉ ዘንግ ይሰፋል፣ ደቃቆቹ ይረግፋሉ፣ የሰፋው ዘንግ ራሱ የቅጠሉን ሥራ ይረከባል። ዝምድናን የምትፈልጉ ከሆነ ጎልማሳውን ብቻ አትዩ፤ ሕፃኑንም ተመልከቱ።

ሲለይ ብቻውን የቀረም አለ። በስምጥ ሸለቆ የጤፍ ማሳ ገበሬው ሳይቆርጥ የሚተወው፣ በክረምት ቅጠሉን አርግፎ በበጋ የሚለመልመው ዛፍ ፌይደርቢያ አልቢዳ ነው። እርሱንም ግራር እንለዋለን፤ ነገር ግን በወገኑ ውስጥ ያለው ዝርያ እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልለፍ። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚለውን ሌላ የአውስትራሊያ ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ የተማረው በዚህ ዛፍ ነው። ላባ መሰል ቅጠሉን ያየ የአገራችን ግራር ዘመድ ይለዋል፤ በዝምድናው ግን ከባዝራ ግራር ይልቅ ሰሳ ለምንለው ዛፍ ይቀርባል። ይህ ለምሁራን ብቻ የሚሆን ዕውቀት አይደለም። በቅርብ ዓመታት በዲከረንስ ላይ የዋግ በሽታ ሲወርድ፣ በዚያው አካባቢ ገበሬዎች በሽታው ወደ ግራራችን ይሻገር እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ዋግ የሚኖረው ከዛፉ ዘመዶች ጋር ነውና፣ ጥያቄው ራሱ የዘር ሐረግ ጥያቄ ነበር።

በችግኝ ጣቢያ የምትሠሩ ልጆቼ፣ እለምናችኋለሁ፤ በመዝገባችሁ ላይ «ግራር» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም፣ አሮጌውንና አዲሱን የሳይንስ ስም፣ ዘሩ የተለቀመበትንም ቦታ ጻፉ።