ክዳኑን የከፈተው ማነው?

ነገሩ የሆነው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ያገራችን ሰው በብዛት በሚኖርባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ነው። እንግዳ ስለነበርሁ ሳሎን ውስጥ ነበር የምተኛው። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ውኃ ልጠጣ ተነሥቼ ወደ ወጥ ቤት ሳመራ ባዶ እግሬ አንድ ድቡልቡል ነገር ረገጠ። አልተሰበረም። አንሥቼ በጭላንጭሉ ብርሃን አገላብጬ አየሁት፤ አቧራና የምንጣፍ ጭራሮ የተጣበቀበት፣ ከደረቀ ፍሬ የማይለይ ቀንድ አውጣ ነው። የሞተ መሰለኝና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመርሁት። ሲነጋ እህቴ «እስቲ ይኼን አውጣልኝ» ብላ ያቀበለችኝን የቆሻሻ ከረጢትም ውጭ አውጥቼ የጣልሁት እኔው ራሴ ነበርሁ።

ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ እንደ ወትሮው የመስተዋት ገንዳው ፊት ተንበርክኮ ቆጠረ። አምስት መሆን የሚገባቸው አራት ሆኑበት። ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

«አጎቴ፣ አንዱ አመለጠ። አላየኸውም?»

«አላየሁም» አልሁት።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ለአንድ ቀንድ አውጣ ተብሎ ይዋሻል? ምናልባት የዋሸሁት ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ይሆናል። ትልቅ ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ከፍሪጁ ሥር፣ ከሶፋው ኋላ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ሲያስስ የእጅ ባትሪውን ይዤ ያበራሁለት እኔ ነበርሁ።

መቼም ልጁ ተስፋ ባይቆርጥ አይፈረድበትም። የነዚያ ቀንድ አውጣዎች ያለፈ ታሪክ ተስፋ የሚያስቆርጥ አልነበረም። አንዱ ከእናቱ ጫማ ውስጥ ተገኝቷል፤ እህቴ እግሯን ከትታ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት እንደቀሰቀሰ እስከ ዛሬ ይወራል። ሌላው መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲያ መውጣቱንም መውረዱንም ትቶ እንደ ቁልፍ ተለጥፎ አድሯል። ሦስተኛው የውኃ ማሞቂያውን ገመድ እየተከተለ ክዳኑ ላይ ለገመዱ በተተወችው ቀዳዳ ሾልኮ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተገኘ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሌሊት ነው። ቀን ቀንማ እንደ ጨዋ ሰው መስተዋቱን እየላሱ ይውላሉ። አንዳንዴ መስተዋቱን ተያይዘው እስከ ላይ ይወጡና ድንገት እግራቸውን ለቅቀው እንደ ቅጠል እየተንሳፈፉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዚያ እንደገና ይወጣሉ። ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል ያየሁበት ቀን አለ። ይጫወታሉ እንዳልል ማን ነግሮኝ? አይጫወቱም እንዳልልስ?

«አመለጠ» ያለው ልጁ ነው። ቃሉ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሴ አልወጣ አለ። በኛ ቋንቋ ከብት ይጠፋል፣ እረኛ ይኮበልላል፣ እስረኛ ያመልጣል። ቀንድ አውጣው ከነዚህ የቱን አደረገ? አመለጠ ካልን አስቀድመን አስረነዋል ማለታችን ነው። ኮበለለ ካልን በደል ደርሶበታል። ጠፋ ካልን ደግሞ ባለቤት ነበረው። ለነገሩ የቀንድ አውጣ ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ገና ስንጠራው «ቀንድህን አውጣ» እያልነው ነው።

በሱቅ «ሚስትሪ» በሚባል ስም የሚሸጡት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የትውልድ አገራቸው ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። እንደ ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚተነፍሱበት ስንጥብ አላቸው፤ ከዚያ በተጨማሪ ሳንባም አላቸው። ረጅም ቱቦ ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይስባሉ። ሴቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ውስጥ ሳይሆን ከውኃው በላይ፣ እርጥበት ባለው ደረቅ ቦታ ነው፤ ውኃ ከዋጠው እንቁላሉ ይበላሻል። ስለዚህም ገንዳው እስከ አፉ ከተሞላ ለእንቁላሏ ቦታ ስታጣ ወጥታ ትሄዳለች። ውኃው ሲቆሽሽም የተሻለ ውኃ ፍለጋ የሚወጡ አሉ። እኛ በገዛ ምኞታችን ነጻነት ፈለገ ብለን እናስጌጥለታለን እንጂ፣ የሚሄደው ከውኃ ሸሽቶ ሳይሆን ወደ ሌላ ውኃ ነው። የሰው ቤት ምንጣፍ ለርሱ ምድረ በዳ መሆኑን በምን ያውቃል?

አሳዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከውኃው በላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ክዳኑንም አጥብቀው ይዘጋሉ። የዚያን ዕለት ማታ ልጁ ቤት ሥራ ስለበዛበት «አጎቴ፣ ውኃ ጨምርላቸውና ጎመኑን ጣልላቸው» ብሎኝ ነበር። ለጋስ ልሁን ብዬ እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑን መዝጋቴን አላስታውስም።

የባሰውን ያወቅሁት ከፍለጋው በኋላ፣ የልጁን የቀንድ አውጣ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። ቀንድ አውጣው እግሩ ላይ በር የመሰለ ጠንካራ መዝጊያ አለው። ከውኃ ውጭ ሲደርቅበት ገላውን ሰብስቦ ይገባና በሩን ይዘጋል፤ እንዲህ ሆኖም እርጥበት ካገኘ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በሩ ከተከፈተና ከሸተተ ሞቷል። ከተዘጋ ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። እኔ ያነሣሁት ዝግ ይሁን ክፍት አላየሁም። አላሸተትሁትም።

አንባቢ እዚህ ላይ ቢስቅ አልቀየምም። ክረምት በመጣ ቁጥር አጥር ሥር የምናገኘው ቀንድ አውጣ ላይ ጨው በትነን አረፋ ሲደፍቅ እያየን የሳቅን ልጆች ነበርን፤ እኔም አንዱ ነኝ። ዴካርትም ቢሆን እንስሳን እንደ ሰዓት ያለ መሣሪያ አድርጎ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ተመራማሪዎች የየብስ ቀንድ አውጣን በጋለ ነገር ላይ አስቀምጠው ነበር። እንስሳው ሙቀቱ ሲሰማው እግሩን ያነሣል። ሞርፊን ሲሰጡት፣ ሰውን ከሥቃይ የሚያሳርፈው ያው ሞርፊን፣ ሳያነሣ ብዙ ቆየ። ይህ ያመዋል ለማለት ይበቃ እንደሆነ የሚከራከሩ አሉ። እኔን ግን በጨውና በሳቅ ያሳለፍነውን ክረምት አስታወሰኝ።

ደግሞ ሌላው ሊለኝ የሚችለውን አውቃለሁ፤ «ባገራችን ቀንድ አውጣ ጠላት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። የብልሃርዚያን ትል ተሸክሞ ወንዝ ውስጥ ለሚዋኝ ልጅ የሚያደርሰው ቀንድ አውጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሲንሳፈፉ ባያይ ኖሮ፣ እንዶድ የልብስ ሳሙና ሆኖ ይቀር ነበር። ለነዚያ ቀንድ አውጣዎች ያዘነ የለም። እኔም አላዝንም፤ ሆዱ የተነፋ ሕፃን አጠገብ ቆሞ ለቀንድ አውጣ የሚያዝን ሰው ጤንነቱን እጠራጠራለሁ።

ታዲያ የኔው ምን ያስጨንቀኛል? ልዩነቱ ፍጡሩ ላይ አይመስለኝም። የዐድዋው ወንዝ ቀንድ አውጣ ምግቡንም ውኃውንም ራሱ ይፈልጋል፤ ከማንም ጋር ውል የለውም። ይኼኛውን ግን እኛ ገዝተን፣ ከመስተዋት መካከል አኑረን፣ ለራሱ የሚያደርገውን ሁሉ ወስደንበታል። ውኃው በኛ እጅ ነው፤ ምግቡ በኛ እጅ ነው፤ ክዳኑም በኛ እጅ ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው «አሳዳሪ» ይለዋል፤ ሌሊቱን እንዲያልፍ የሚያደርግ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ለአንድ ሌሊት የተሰጠኝን አላሳደርሁም።

ከወር በኋላ እህቴ ገንዳውን ስታጸዳ ከክዳኑ ሥር እንጆሪ የመሰለ ሐምራዊ እንቁላል ተለጥፎ አገኘች። ለካ ከቀሩት አንዷ ቦታዋን አግኝታለች። «ይኼ ሁሉ ሊፈለፈል ነው? እኔ ቤት!» አለች። እንቁላሉ ቢፈለፈል እንኳ ወደ ስላይጎ ክሪክ ወስደን እንልቀቃቸው፣ በነጻነት ይኑሩ የሚል ሐሳብ ያመጣችው እርሷ ነበረች። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም ደስ አለኝ፤ ዕዳዬን የምከፍልበት መስሎኝ ነበር።

ልጁ ግን እምቢ አለ። የነዚህ ቀንድ አውጣዎች ዘመድ የሆነው ወርቃማው ቀንድ አውጣ ወደ 1980 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከአርጀንቲና ወደ ታይዋን የተወሰደው ለምግብ ነበር። ገበያ አጣ፤ ያረባው ሰው ተወው፤ እርሱም ወጥቶ የሩዝ ማሳ ገባ። ከዚያ በፊሊፒንስና በቬትናም አድርጎ የእስያን ገበሬ ለቡቃያ ሩዝ እንቅልፍ ነሣው። በስፔን የኤብሮ ወንዝ ማሳዎች ላይ የደረሰውን ካየ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በ2012 የወገኑን ቀንድ አውጣዎች በሙሉ ወደ ግዛቱ እንዳይገቡ ከለከለ። በ2020 ደግሞ ኬንያ ውስጥ ምዌያ በተባለው የሩዝ እርሻ ተገኘ፤ ከኛ ሩቅ አይደለም። እርግጥ የኛዎቹን የሜሪላንድ ብርድ አይምራቸውም፤ ፍሎሪዳ ላይ ግን ከገንዳ የወጡ የነርሱው ወገኖች ተዋልደው ይኖራሉ። እንግዲህ ለቀቅናቸው ማለት ወይ ለብርድ ሰጠናቸው፣ ወይ ሌላውን እንዲያጠፉ ሰደድናቸው ነው። ክዳን መክፈት ከገንዳው አፍ ላይ ሲያዩት ቸርነት ይመስላል።

ልጁ እንቁላሉን በቢላ ፋቀ፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከእንጀራው አጠገብ አስቀመጠው። እህቴ ስለ እንጀራው ብዙ ተናገረች። እርሱ ግን ምንም አላለም፤ ማታም ገንዳውን ዘግቶ፣ ክዳኑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አረጋግጦ ተኛ። በቁጥር ከሄድን እኔ አንድ ነው የጣልሁት፤ እርሱ ብዙ ሕይወት አስቀርቷል። ከሁለታችን እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነበርሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ዓመት ለአውዳመት ስደውልለት፣ አሁን ጎልማሳ ሆኗል፣ ወሬ ስናወራ ድንገት ነገርሁት። ቆሻሻው ውስጥ የጨመርሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ባትሪውንም እያወቅሁ እንደያዝሁለት። ይስቃል ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም አለ።

«አጎቴ፣ በሩ ዝግ ነበር ወይስ ክፍት?»

«አላስታውስም» ልለው አፌን ከፈትሁ።

«አላየሁም» አልሁት።