የሸሸ ሁሉ ፈሪ ነውን?

በአገራችን ከሚነገሩት ስድቦች ውስጥ «ፈሪ» የሚለውን ያህል ልብ የሚያቈስል ጥቂት ነው። ድኻ መባልን ታግሦ የሚያልፍ፥ አላዋቂ መባልን በሣቅ የሚመልስ ሰው፥ ፈሪ በተባለ ጊዜ ግን ደሙ ይፈላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ፈሪ እንዳይባል ሲል ብቻ የማያምንበትን ነገር ይሠራል፤ በማይጠላው ሰው ላይ እጁን ያነሣል፤ ከማይመለከተው ጠብ ውስጥ ይገባል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሰው ስድብን ፈርቶ የሠራውን ሥራ እንዴት ጀግንነት ብለን እንጠራዋለን? ፍርሃቱ መልኩን ለወጠ እንጂ መቼ ጠፋ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ጠቢባንን ያከራከረ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ላኬስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ሶቅራጥስ ከሁለት የጦር አለቆች ጋራ ስለ ጀግንነት ሲነጋገር ያሳየናል። ከሁለቱ አንዱ ላኬስ፥ ጀግና ማለት በተሰለፈበት ቦታ ጸንቶ የሚዋጋና የማይሸሽ ነው ብሎ ይመልሳል። ሶቅራጥስ ግን እስኩቴሶች የተባሉት ሕዝቦች እያፈገፈጉ እንደሚዋጉ አስታውሶ መልሱ እንደማይበቃ ያስረዳዋል። የሚያስደንቀው፥ አቴናውያን በዴልዮን ድል ተነሥተው ሲሸሹ ሶቅራጥስ አብሮት እንደ ነበረ፥ ሌሎቹም እንደ እርሱ ቢሆኑ ኖሮ ያ ውርደት ባልደረሰ ነበር ብሎ የሚመሰክረው ይኸው ላኬስ ራሱ ነው። ሽሽት ላይ የነበረውን ሰው በጀግንነቱ ያመሰግነዋል ማለት ነው። መጽሐፉም ለጥያቄው ቍርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ ይፈጸማል።

አሪስቶትል ደግሞ ጀግንነትን በሁለት ጥፋቶች መካከል ያስቀምጠዋል፤ በአንድ በኩል ፍርሃት፥ በሌላ በኩል ያለ ልክ መዳፈር። ዜጎች ነቀፋን ሸሽተውና ክብርን ፈልገው የሚያሳዩት ጽናት ለእውነተኛው ጀግንነት ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው ይላል፤ እርሱ ራሱ ነው ግን አይልም። ይህን ልዩነት ለማየት ወደ ግሪክ መሄድ አያሻንም። እኔ ካለሁበት ከዓባይ ማዶ ጣና ሐይቅ ሩቅ አይደለም። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲያይል ወደ ዳር ይመለሳል። ይህን ሰው ፈሪ የሚለው ሐይቁን የማያውቅ ብቻ ነው። ሰው አሳፍሮ ሳለ እንዳይታማ ብሎ ወደ ማዕበሉ የሚቀዝፈው ግን ለስሙ ሲል የሌላውን ነፍስ የሚያስይዝ ቁማርተኛ ነው።

ከዚሁ ሐይቅ ዳር ትልቅ ምሳሌ አለን፤ እርሱም የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ነው። ይህች ሴት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረች የመኳንንት ልጅ ስትሆን፥ ባልዋ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበር። ከዕረፍትዋ 30 ዓመት ያህል በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድልዋን በግዕዝ ጽፎታል። ገድሉ እንደሚተርከው፥ ምንኵስናን ፈልጋ ከቤትዋ ወጥታ ወደ ጣና ገዳማት ሸሸች። ባልዋ ግን ጭፍራውን ይዞ ተከተላት፤ ያለችበትን ለማግኘት ሲልም አገር አጠፋ። በዚህ ጊዜ ከተሸሸገችበት ወጥታ ተመለሰች። በኋላ ባልዋ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ሞት እጁ እንዳለበት በተረዳች ጊዜ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉ በኋላ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ ታስተምር ነበርና በችሎት ፊት ቆመች። ወደ ዋልድባ ሄደች፤ በጸለምት አስተማረች፤ ተጠርታ በመጣች ጊዜም ሐሳብዋን ስላልለወጠች ዣበይ ወደሚባል አገር 3 ዓመት ተጋዘች። ያረፈችው በ1635 ዓ.ም. ሲሆን በጣና ዳር ያለው የቆራጣ ገዳም ዛሬም መታሰቢያዋ ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት ሸሽታለችም፥ ቆማለችም። ሽሽትዋንና መቆምዋን የሚለየው ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ዕዳውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ሽሽቱ የራስዋን ድካም ብቻ በጠየቀ ጊዜ ሸሸች፤ ዕዳው በአገሬው ጎጆ ላይ በወደቀ ጊዜ ግን ተመለሰች። ስለዚህ ፈሪ ማለት የሸሸ ሰው ማለት አይደለም፤ ዕዳውን በሌላው ጫንቃ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ይህንንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ሊያደርገው ይችላል። ጎረቤቱ በሐሰት ሲከሰስ እውነቱን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም፤ ነገር ግን ሸሽቷል። ብዙ ሆነው አንዱን የሚደበድቡትም እንዲሁ ናቸው፤ ሕዝባችን ከልክ ያለፈውን ምት «የፈሪ ዱላ» ማለቱ ይህን አውቆ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይህን በሁለት ሰዎች አሳይተውናል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸውና በጀግንነታቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ አዲስ ግብር አንከፍልም ባሉት ገበሬዎች ላይ ዘምተው ግን በእነዚያው ገበሬዎች እጅ ይማረካሉ። የገዛ ዘመዳቸው ካሣ ዳምጤ ደግሞ ጦርም ጋሻም ሳይዝ በመኳንንቱ ፊት እውነቱን ይናገራል፤ ስለዚህም «ጉዱ» ተብሎ ይቀራል። የፊታውራሪው ድፍረት ዕዳ በገበሬው ላይ የሚጣል ነበር፤ የካሣን ግን ካሣ በስሙ ከፈለው።

ዐፄ ሱስንዮስንም በጦር ሜዳ ፈሪ ነበሩ የሚላቸው የለም፤ ዘውዱን ያገኙት ብዙ ዓመት ተዋግተው ነው። ነገር ግን አዲሱን ሃይማኖት በኃይል ለማጽናት ሲሉ አገሪቱ ደም አፈሰሰች። በ1624 ዓ.ም. ዐመፀኞቹን ገጥመው ድል ባደረጉ ጊዜ በሜዳው የወደቁት፥ በሺህ የሚቈጠሩት፥ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ። ከዚያ ድል በኋላ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አዋጁ ዘግይቷል፤ ለሞቱት አልደረሰላቸውም። ቢሆንም እኔ ከውጊያቸው ሁሉ ይህን አዋጅ አስበልጣለሁ። የተሸነፈ ሰው በግድ ይመለሳል፤ ድል በነሣ ማግሥት «ተሳስቻለሁ፥ ይብቃ» ብሎ ለመመለስ ግን የሰውን ሣቅ አለመፍራት ያስፈልጋል።

በፊልምም በኩል የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ለዚህ ነገር ይጠቅመናል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተሸለመ ሥራ ነው። አንበርብር የተባለው ምሁር ከጀርመን ተመልሶ በጣና ዳር ወዳለች የትውልድ መንደሩ ይመጣል። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው፤ ወጣቶች ለጦርነት እየታፈሱ ስለሚወሰዱ በዋሻ ይሸሸጋሉ። እነዚህ ልጆች ፈሪዎች ናቸውን? የገዛ ወንድማቸውን ሄደው እንዲገድሉ ታዘዙ፤ እነርሱም እምቢ ብለው ረኃብንና ጨለማን በራሳቸው ላይ ወሰዱ። አንድ እግሩን ያጣው አንበርብርም ጠመንጃ አያነሣም፤ በመጨረሻ የመንደሩን ልጆች ለማስተማር ይነሣል።

«እንዲህ ከሆነማ ፈሪ ሁሉ ብልኅ ነኝ እያለ ያመልጣል» የሚል ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ለፍርሃት ካባ የሚሆን ቃል ሞልቷል። ነገር ግን ያነሣነው ጥያቄ ለፈሪው ቀላል መሸሸጊያ አይሆንለትም። ከማዕበሉ ዞር ያለው ሰው ወደ ኋላው ይመልከት። በእርሱ ፈንታ የሚመታ፥ በእርሱ ዝምታ የታሰረ፥ በእርሱ መሄድ ቤቱ የፈረሰ ሰው ካለ ብልኀቱ ፍርሃት ነበር፤ ይመለስ። ማንም ከሌለ ግን በሰላም ይቀመጥ፤ ሰፈሩ የሚለውን ይበል።

ወጣቶች ሆይ፥ ጓደኞቻችሁ ወደ አንድ ጠብ ጠርተዋችሁ «ፈራህ እንዴ?» ባሏችሁ ጊዜ ለመመለስ አትቸኩሉ። «አዎ፥ ፈርቻለሁ፤ የማላውቀውን ሰው መበደል ፈርቻለሁ» ማለት ይቻላል። ይህን መልስ ለመስጠት ከሚያስፈልገው ልብ ይልቅ ዱላ ለማንሣት የሚያስፈልገው ያንሳል። ደግሞም አንዱ ደካማ ብቻውን ቆሞ ሲበደል ባያችሁ ጊዜ፥ ያን ጊዜ አትሽሹ፤ ዕዳው የእናንተ ነውና።