ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው

ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር ባለው ጊዜ፣ ጌታ እምቢ ያለው ለምንድን ነው? አባቱ እንደሚይዘው ተጠራጥሮ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ታዲያ መታመን የት ላይ ያበቃል? መፈታተንስ ከየት ይጀምራል? ደባርቅ ላሳደገችኝ እናቴ ይህ ጥያቄም አልነበረም። ለእሷ የስሜን ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ እግዜርን ተፈታትኗል። «ዋልያ ነኝ ብለህ ነው?» ትለኝና ጆሮዬን ይዛ ትመልሰኝ ነበር። ጭላዳዎቹ ግን ሲመሽ አውሬ ሽሽት የሚወርዱት ወደዚያው ገደል ነው።

ጎልማሳ ሆኜ ደብረ ዳሞን ልሳለም ሄድሁ። 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ ከላይ የተለቀቀ የተገመደ ጠፍር፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ሌላ ገመድ። አቡነ አረጋዊን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዘንዶ እንዳወጣቸው ይተረካል። ለእኔ ዘንዶ ስላልመጣልኝ ድንጋዩ ላይ እንደ ጡት ልጅ ተለጠፍሁ፤ እግሬም ይንሸራተት ጀመር። ገመዱን የሚስቡት መነኩሴ ከላይ «ወደ ኋላ ዘንበል በል!» ይላሉ። ገደል የሚፈራ ሰው ወደ ገደሉ ዘንበል በል ይባላል? ግን እውነታቸውን ነው። ሰውነት ከድንጋዩ ሲርቅ ነው እግር በደንብ የሚረግጠው።

አሁን የምኖረው ቶሮንቶ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሆቢ 16 የምትባል ካታማራን አለችው፤ እኔም አብሬው እወጣባታለሁ። ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች ጎን ለጎን የተያያዙባት፣ በመሃላቸው ጨርቅ የተወጠረባት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ ጀልባዋ ትጋደላለች። ያኔ አንደኛው ሰው ከምሰሶው የወረደውን ሽቦ ወገቡ ላይ ካለው መንጠቆ ጋር አያይዞ፣ ጠርዙን በእግሩ ረግጦ፣ ከውሃው በላይ ወደ ነፋሱ ወገን ይዘረጋል። ትራፒዝ ይሉታል። እንግሊዛዊው ፒተር ስኮት ከጆን ዊንተር ጋር በ1938 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ ትልቅ ውድድር ሲያሸንፉ ዘዴው ታገደ። ዛሬ የኦሎምፒክ ጀልባዎችም ይጠቀሙበታል።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ጉልበት አይደለም። ገና ጠርዙ ላይ ሳለህ ሙሉ ክብደትህን ለሽቦው መስጠት አለብህ፤ እግር የሚገፋው ከዚያ በኋላ ነው። እጅ ግን እጀታውን አልለቅም ይላል። በክንዱ የተንጠለጠለ ቶሎ ይዝላል፤ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ የቀረ ደግሞ ጀልባዋን አያቀናትም። የፊት እግርህን ካልገተርህም፣ አፍንጫዋ ማዕበል ውስጥ ገብታ ድንገት ስትገታ አንተ ወደ ፊት ትወነጨፋለህ። ባልደረባዬ «ሽቦው ይይዝሃል» ይለኛል። ይህንማ አውቃለሁ፤ ብረት ነው፣ ከእኔ የከበደ ሰው ተሸክሟል። ማወቄ ግን ክንዴን አላላላውም። ሐዋርያው ያዕቆብ አጋንንትም ያምናሉ ሲል ይህን ዓይነቱን እምነት ማለቱ ይመስለኛል። ያውቃሉ፤ ክብደታቸውን ግን አይሰጡም።

ይህን ሁሉ ጎንደር ላሉት የንስሐ አባቴ በስልክ አወራኋቸው። «ጴጥሮስን ባሕር ላይ ና ያለው ጌታ ነው። አንተን ማን ጠራህ፣ ልጄ?» አሉኝ። የዳሞ መነኮሳት ገመድ የሚይዙት ቤታቸው ከላይ ስለሆነ ነው፤ የአንተ ግን ጨዋታ ነው አሉ። ቀጠሉና «የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውስጥ የሚዘሉት ልጆች እንኳ ውሃው እስኪባረክ ይጠብቃሉ» አሉኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ሰነበትሁና ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ከቤተ መቅደስ ጫፍ የሚወረወር ሰው ማንንም አያድንም፤ የሚወድቀው መያዙን ለማየት ብቻ ነው። እኔ በብርቱ ነፋስ ፈርቼ ወደ ውስጥ ብሰበሰብ ግን ጀልባዋ ትገለበጣለች፤ መሪ የያዘውም ሰው አብሮኝ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። እሱም ቢሆን ነፋሱ ሲላላ ቶሎ ካልነቃ ጀርባዬ ውሃ ይገባል። ሽቦው እኔን ይይዛል፣ እኔ ጀልባዋን። ያን ጊዜ የሽቦውን ጥንካሬ የምፈትንበት ፋታ የለኝም፤ ሐሳቤ ሁሉ እሷን ማቅናት ላይ ነው። መታመንን ከመፈታተን የምለየው በዚህ ነው።

እንደገና ስደውል ይህንኑ ነገርኋቸው። «መልካም» አሉ አባ። «ግን ጀልባዋ መጀመሪያውኑ ባትወጣስ? ማን ይገለበጥ ነበር?»

ለዚህ መልስ የለኝም። የመጪውን በጋ የጀልባ ክበብ መዋጮ ግን ከፍያለሁ፤ ይህን ገና አልነገርኋቸውም።