ለፎቶ የተደገመ ምርቃት

መቼም ሰው ሊያገባ ሲነሣ የሚጨቃጨቅበት ነገር አያጣም። የጥሪ ወረቀቱ ብዛት፣ የድንኳኑ ስፋት፣ የሚዜዎቹ ልብስ፣ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ሁሉ የየራሱ ጣጣ አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ሌላ ተጨምሯል፤ «እንዴት ሆነን እንነሣ?» የሚለው። ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ሙሽሮች የሠርጋቸውን ፎቶ ዓይነት ሲመርጡ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጃቸው አልበሙን ገልጦ «እናንተ እነማን ነበራችሁ?» ቢላቸው የሚሰጡትን መልስ እየመረጡ ነው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ በየብሎኩ መካከል ድንኳን ይተከላል። ኮሚናሉ በሽንኩርትና በቁሌት ሽታ ይታፈናል፤ እናቶች ሌሊቱን ዓይናቸውን እያበሱ ያድራሉ፤ ሊፍት በሌለው ደረጃ አራተኛ ፎቅ ድረስ የቢራ ሣጥን የሚሸከመው የሰፈር ልጅ ነው። ሙሽሮቹ ግን ሚዜዎቻቸውን አስከትለው ወደ እንጦጦ ፓርክ ወይም ወደ ወዳጅነት ፓርክ ይነጉዳሉ። በኋላ አልበሙን ያየ ሰው፣ ኮዬ የሚባል ሰፈር በዓለም ላይ መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም።

አንድ ወዳጄ ይህን «ውሸት» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ቢያንስ ውሸቱ እሱ በሚያሳየኝ ቦታ አይደለም።

የቀድሞዎቹን ፎቶ ቤቶች እናስታውስ። በሀገራችን ፎቶ አንሺነት የከበረ ሙያ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ለተከታዮቹ ነገሥታት አገልግለዋል። በኋላ ጥበቡ ወደ ተራው ሰው ፎቶ ቤት ሲወርድ፣ ከተነሺው ጀርባ በቀለም የተሳለ ሐይቅ ወይም አበባ ያለበት መጋረጃ ይዘረጋ ጀመር። ኮት የሌለው ከሚስማር ላይ የተሰቀለውን ተውሶ ይለብሳል፤ ክራቫቱን ፎቶ አንሺው ያስርለታል። ታዲያ ማን ተታለለ? ሐይቁ ጨርቅ መሆኑን ተነሺውም፣ ፎቶው የተላከለት ዘመድም ያውቃል። የሁሉም ስምምነት ያለበት ማስመሰል ነበር፤ እንደ በዓል ልብስ ማለት ነው። በበዓል ቀን ነጭ የለበሰን ሰው «ዘወትር እንዲህ አትለብስም» ብሎ የሚከስ የለም።

እንዲያውም ነጩን ቬሎ ለዓለም ያስለመደው የንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ ራሱ ፎቶ የለውም። ንግሥቲቱ ያገባችው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፎቶግራፍ ለዓለም ከተዋወቀ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ብዙ ሰው «የሠርጓ ፎቶ» የሚለውን ሮጀር ፌንተን ያነሣው በ1854 እ.ኤ.አ. ነው። ባልና ሚስት ስምንት ልጆች ከወለዱ በኋላ መሆኑ ነው! በዚያ ፎቶ ሠርጋቸው አልተጎዳም፤ ሠርጉ በራሱ ቀን፣ በራሱ ሰዓት አልፎ ነበርና።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ጥር በሰፈራችን አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽራው የሙሽሪትን አባት ጉልበት ሳመ፤ ሙሽሪትም ተንበረከከች። ሽማግሌው እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ይመርቁ ጀመር። «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ሳይጨርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ይሄኔ ፎቶ አንሺው ጣልቃ ገባ፤ «አባባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ፤ ሚዜዋ ከልላኝ ነበር።» ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ እንግዳ ማስከፋት አይገባም ብለው ይመስለኛል፣ ደገሙት። ሁለተኛው ምርቃት አጭር ነበር፤ ዓይናቸውም ወደ ካሜራው እንጂ ወደ ልጃቸው አልነበረም። አልበሙ ውስጥ የገባው ይኸኛው ነው። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የምን ፎቶ ነው?

ጋዜጠኝነት ስንማር «የዜና ፎቶ አይቀነባበርም» ይሉን ነበር። ሠርግ ዜና ስላልሆነ ሕጉን በሙሉ እዚህ ላምጣው አልልም። ሙሽሮች በዛፍ ሥር ተደግፈው ቢሣሣቁ፣ ፎቶ አንሺው «አገጭሽን ቀና፣ ትከሻህን ዘና» ቢል ምን ገዶን? ያ የእነሱ ጨዋታ ነው። ምርቃት ግን ጨዋታ አይደለም፤ ቃሉ ሥራ ይሠራል ብለን የምናምንበት ነገር ነው። ሰውን ካሳለፈው ነገር ላይ አንሥቶ ለምስሉ ሲባል የሚያስደግም ዓይነት፣ ስሙ ምንም ይባል፣ ለማንም ሙሽራ አይስማማም ባይ ነኝ። «ሳይታወቅ የሚነሣ፣ ተፈጥሯዊ» እየተባለ የሚሸጠውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከቀድሞው መጋረጃ ይልቅ የሚያሳስተው እንዲያውም እሱ ነው፤ መጋረጃው ጨርቅነቱን አይደብቅም ነበር።

ሌላም አለ። ይህ የምንኖርበት ሰፈር የቆመው በገበሬ ማሳ ላይ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ጉዳይ በኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ ርክክቡ ታግዶ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ዛሬ ኮዬ ፈጬ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ነው። ከሕንፃዎቹ ጫፍ ወጣ ሲሉ ግን ገና የሚታረስ መሬት ይገኛል። ቅድመ ሠርግ ፎቶ የሚነሡ ጥንዶች ያንን ቦታ ወደውታል፤ በሀገር ልብስ፣ ከአዝመራው መካከል።

አንድ ማለዳ በዚያ ሳልፍ ጥንዶች ሲነሡ አየሁ። እጮኛው ሞፈር ይዟል፤ በሬዎቹ ቆመዋል፤ ልጅቷ እንስራ አዝላለች። የበሬዎቹ ባለቤት በትሩን ተደግፎ ከጎን ቆሞ ያያል። ፎቶ አንሺው «አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ፎቶው ውስጥ ይገባሉ» አለ፣ በትሕትና። ሰውዬው ፈቀቅ አለ። «ትንሽ ደግሞ» አለ። ደግሞ ፈቀቅ አለ። እንዲህ እያለ ከገዛ ማሳው ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ።

ማንም ክፉ አልተናገረም። ለበሬዎቹም ተከፍሎት ይሆናል። ቢሆንም ያንን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ መስቀል አልችልም ነበር። የተሳለው ሐይቅ የማንም አልነበረም፤ ይህ ማሳ ግን ባለቤት አለው፣ ያውም እዚያው ቆሟል። የሰው ኑሮ ጌጥ እንዲሆን ባለቤቱን ማስወጣት ለምን አስፈለገ? ከጥንዶቹ ጋር ቢቆም ፎቶው ምን ይጎድልበት ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ የሚጎድለው ሞፈር የያዘው ልጅ ገበሬ የመምሰሉ ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚያገቡ ጓደኞቼ «ክላሲክ ይሁን ዘመናዊ፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን ባለቀለም» በሚለው ብዙ አልጨነቅላቸውም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ አንሺው የአንድ ሠርግ ሙሉ ሥራውን ያሳያችሁ፤ የተመረጡትን አሥር ብቻ አትዩ፤ እናትየዋ ስንት ጊዜ እንደታየች ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ስትመረቁ ከየት ቆሞ እንደሚያነሣ፣ ቢያመልጠው ምን እንደሚያደርግም ጠይቁት። «ካመለጠኝ አመለጠኝ» የሚል ካገኛችሁ አትልቀቁት።

በመጪው ጥር የምታገባ አንዲት ጎረቤቴ ይህን ሰምታ ፎቶ አንሺውን ከሠርጉ በፊት ባለው ሌሊት፣ ሴቶቹ ኮሚናል ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ እንዲመጣላት ጠይቃዋለች። እሱ የአንድ ተጨማሪ ቀን ሒሳብ ጠራባት። እናቷ በበኩላቸው «በሽርጥ አልነሣም!» ብለዋል። እስካሁን ሦስቱም አልተስማሙም።