የታመነ ሰው ይመረመራልን?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በእንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ወንድማችን ለበዓል መጥቶ ሲያጫውተን፥ እርሱና ልጆቹ በሚታከሙበት በቤተሰብ ሐኪም ቤት በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ እንዳየ ነገረን። ወረቀቱም መርማሪዎች ያን ሐኪም ቤት መርምረው የሰጡትን ፍርድ የሚገልጽ ሲሆን፥ ፍርዱ «መሻሻል ያስፈልገዋል» የሚል ነበር። ወንድማችንም፦ «ሐኪማችን ደግ ሰው ነው፤ ልጆቼን ከአራስነታቸው ጀምሮ ያከመ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በገዛ በሩ ላይ ጽፎ ማዋረድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ብሎ አዘነ። በዚያ ከነበርነው ብዙዎቻችን እውነት ነው አልን፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። በኋላ ግን ለብቻዬ ሆኜ ሳስበው፥ ያዘንሁት ስለ ሐኪሙ ክብር ነውን ወይስ የለመድሁት ነገር ስለ ተነካብኝ? የሚል ጥያቄ አስቸገረኝ።

ይህን ምርመራ የሚያደርገው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሲሆን (ወደ ፊት የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቤተሰብ ሐኪሞች ከሥልጣኑ በታች የገቡት በ2013 ዓ.ም. ነው። የሚጠይቃቸውም ጥያቄዎች አምስት ናቸው፤ ይኸውም ሕክምናው በሽተኛውን ከጉዳት የሚጠብቅ ነውን? ፍሬ አለውን? ርኅራኄ አለበትን? የሰውን ችግር በጊዜው ያደምጣልን? ቤቱስ በሚገባ ይመራልን? የሚሉ ናቸው።

እነዚህ ታላላቅ ቃላት ወደ ሥራ ሲወርዱ እጅግ ትናንሽ ነገሮች ይሆናሉ። የክትባት መድኃኒት በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ በየቀኑ ተመዝግቧልን? ለድንገተኛ ሕመም የተዘጋጀው መድኃኒት ጊዜው አላለፈበትምን? ከላቦራቶሪ የመጣውን ውጤት ያነበበው ማን ነው? እያሉ ይጠይቃሉ። ሰው ይህን ሲሰማ፥ ደግን ሐኪም በማቀዝቀዣ ይፈርዱበታልን? ብሎ ይስቅ ይሆናል። ዳሩ ግን ብዙ ዓይነት ክትባት አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ኃይሉ ይጠፋል፤ ከቀለጠም በኋላ ለዐይን ደኅና ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ በፈገግታ ይወጋል፤ እናትም አመስግና ትሄዳለች፤ ሕፃኑ ግን ጋሻ ሳይኖረው ጋሻ ያለው ይመስላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ክፉ አሳብ ያለው አንድ ሰው እንኳ የለም። የሐኪሙ ደግነት ማቀዝቀዣውን ሊያስተካክለው አይችልምና፥ የልብ ደግነት ብቻውን የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ከዚህ እናስተውላለን።

ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፥ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ማንም ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ ያደርግለት ዘንድ ያዝዛል። ሕጉ የቤቱ ባለቤት እንግዳ የሚወድ ይሁን የሚጠላ አይጠይቅም። እንግዳ የሚወድ ሰው ቤት እንዲያውም ሰው ይበዛበታልና መከታው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚከብደውን እንናገር። በማንችስተር አጠገብ ባለችው በሃይድ ከተማ ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል የቤተሰብ ሐኪም ነበረ። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በየቤታቸው እየሄደ ስለሚጠይቅ እጅግ የተወደደ ነበር። ይህ ሰው በጥር 2000 ዓ.ም. አሥራ አምስት በሽተኞቹን በመግደል ተፈረደበት፤ ጃኔት ስሚዝ የተባሉት ዳኛ የመሩት መርማሪ ጉባኤም በ2002 ዓ.ም. የገደላቸው ሰዎች 215 መሆናቸውን ገለጸ። የሚገድላቸው ዳያሞርፊን የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ከልክ በላይ በመውጋት ሲሆን፥ የሞታቸውንም ምክንያት ራሱ ይጽፍ ነበር።

በዚያ አገር አስከሬን ይቃጠል ዘንድ በዚያን ጊዜ የሌላ ሐኪም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። መከታው እንግዲህ ነበረ ማለት ነው! ጎረቤት ሐኪሞች ግን የባልንጀራቸውን ቃል ተቀብለው ይፈርሙ ነበር። በመጋቢት 1998 ዓ.ም. አንዲት ሐኪም የሟቾቹ ብዛት አስደንግጧት ሞትን ለሚመረምረው ሹም አመለከተች። ፖሊስም ጥቂት ጠያይቆ ነገሩን ዘጋው፤ ሰውዬው በ1976 ዓ.ም. የመድኃኒት ማዘዣ አጭበርብሮ የተቀጣ መሆኑን እንኳ አልመረመረም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶች ሞቱ።

እነዚያ የፈረሙት ሐኪሞች ምን ጎደላቸው? እምነት እንዳንል ሞልቶ ተርፏል። እኔ ግን እምነት አልለውም፤ ይሉኝታ እለዋለሁ። እምነት ባልንጀራዬ እውነተኛ ነው ብሎ ስለሚያስብ ብጠይቀው አይከፋም ይላል። ይሉኝታ ግን የባልንጀራውን እውነተኛነት ትቶ የራሱን ፊት ይጠብቃል፤ ጥያቄውንም የሚፈራው ስለዚህ ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ስም እንጠራዋለን።

በርግጥ፥ ማቀዝቀዣ የሚመረምር ሰው ሺፕማንን ይይዘው ነበር ብዬ አልከራከርም፤ እንዲህ ያለው ሰው መዝገቡን አሳምሮ ይጽፋል። የወረቀት ብዛት ሐኪሙ ከበሽተኛው ፊት ይልቅ መዝገቡን እንዲያይ እንደሚያደርገውም ወንድማችን ነግሮናል፤ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ነገር ግን ነፍሰ ገዳይ ሐኪም ከስንት አንድ ነው፤ የደከመና የዘነጋ ደግ ሰው ግን በየቀኑ አለ። ምርመራው ይልቁንም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እኛስ ከመመርመር የራቅን ነንን? ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ በዚህም ማንም ተዋረድሁ አይልም። ልዩነቱ እኛ አንድ ጊዜ መስክረን ዕድሜ ልክ ማመናችን ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ከ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሐኪም ሁሉ ፈቃዱ ጸንቶ እንዲኖር በየአምስት ዓመቱ ሥራው ይታያል። ለእኛ መምህራን ይህ ቢታዘዝ ስንቶቻችን እንደምንቆጣ ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

የራሴንም በደል ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ተራዬን ስጠብቅ፥ የጤና ሠራተኛው የአንዱን ሰው ቁስል ጠርጎ እጁን ሳይታጠብ ሕፃን ሲያነሣ አየሁ። የነፍስ ልጄ ነበርና በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ዝም አልሁ። ያሳሰበኝ የእርሱ ማፈር ይመስለኝ ነበር። ከወር በኋላ ሊጠይቀኝ ቢመጣ ነገሩን አነሣሁበት። አልተቆጣም። «አባቴ፥ የውኃው ቧንቧ ከተበላሸ ያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ በቃሌ ሁለት ጊዜ ባመለክት የሰማኝ የለም። ከበሽተኞቹ አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቀኝ፥ ሕዝቡ አቤት አለ ብዬ እጽፍ ነበር» አለኝ።